ሕመምን መቻልና ሕመምን ማስታገሥ

በሀገራችን ሕመምን መቻል ከጨዋነትና ከጀግንነት ይቈጠራል። ሕፃን ወድቆ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል፤ ጐልማሳው ቈስሎ ሲተኛ ጠያቂው ሁሉ «አይዞህ፥ ቻለው» ብሎት ይሄዳል፤ ሴቲቱም በምጧ ጊዜ ድምፅዋን ካላሰማች «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ይህ ልማድ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም፤ አባቶቻችን ሐኪምና መድኃኒት በሌለበት ዘመን ከትዕግሥት በቀር ምን መሣሪያ ነበራቸው? ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው አስተምረውናል። ሁለቱ ምክሮች ሲጋጩ የትኛውን እንከተል? ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የማነሣውም አጥንቱ ተሰብሮ ወይም መገጣጠሚያው ተበላሽቶ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው በተኛበት አልጋ አጠገብ ሆኜ ነው።

ነገሩ ከእናንተ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ኳስ የሚጫወተው ተማሪ፥ ጧት በታክሲ ተጋፍቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሮጠው ጸሐፊ፥ ጉልበቷን የሚያማት እናት፥ ሁሉም አንድ ቀን እዚያ አልጋ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። እኛ ባንተኛ እንኳ አስታማሚ መሆናችን አይቀርም። በሀገራችን ሆስፒታል ሌሊቱን ከሕመምተኛው ጋር የሚያድረው፥ ውሃውንና ክኒኑን የሚያቀብለው፥ ነርስ ሊጠራ የሚሮጠው አስታማሚው ነው። እኔ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈውም የሐኪምን ትእዛዝ ለመተካት ሳይሆን፥ ሐኪሙ የሚናገረውን እንድናስተውልና የሚጠየቀውን እንድንጠይቅ ነው።

በመጀመሪያ፥ አጥንት ለምን ይህን ያህል ያማል? ብዙ ሰው አጥንት እንደ ድንጋይ ደረቅና ስሜት የሌለው ይመስለዋል። አጥንት ግን ሕያው ነው፤ ደም ይመላለስበታል፤ ከላይ የሸፈነው ስስ ልባስም በነርቭ ጫፎች የተሞላ ነው። ሐኪሙ ሥጋውን ቀድዶ፥ ይህን ልባስ ገልጦ፥ አጥንቱን በስቶ ብረትና ብሎን ሲያስገባ እነዚያ ነርቮች ሁሉ ይቀሰቀሳሉ። ከዚያም የቈሰለው ሥጋ ያብጣል፤ ባበጠው ሥጋ ውስጥ የሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ደግሞ ነርቮቹን ይበልጥ ያስቈጧቸዋል። መልእክቱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር፥ ከሕብለ ሰረሰርም ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ሰውየው «አመመኝ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያሉት 2 ወይም 3 ቀኖች ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል።

በ1965 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ የታወቀ ሐሳብ አሳተሙ። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ በሩ ገርበብ ሲል የሕመሙ መልእክት ይቀንሳል፥ ወለል ብሎ ሲከፈት ይበረታል፤ በሩን ገርበብ ከሚያደርጉትም አንዱ የመዳሰስ ስሜት ነው አሉ። እግሩን ድንጋይ የመታው ሰው ሳያስብ ወዲያው የሚያሸው ለዚህ ነው። ፍርሃትና ጭንቀት ደግሞ በሩን ይከፍቱታል። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቢታረምም ያስተማረን ትልቅ ነገር ጸንቶ ይኖራል፤ ይኸውም ሕመም ከቁስል ወደ አንጎል በአንድ ትንፋሽ የሚበር ሳይሆን በየኬላው የሚያልፍ መንገደኛ መሆኑ ነው። በየኬላው የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ በየኬላው ሊያዝ ይችላል። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ዘመን ግን ሐኪሞች የሚያምኑት በአንድ ኬላ ነበር፤ ይኸውም በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ላይ በሚሠሩት ብርቱ መድኃኒቶች ነው። መነሻቸው ፖፒ የምትባለው አበባ ፍሬዋ ሲጫር የሚወጣው ወተት ነው፤ ወተቱ ሲደርቅ ኦፒየም ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፍሪድሪኽ ዘርቱርነር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየም ውስጥ የሚያስተኛውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስም ጠራው፤ ሞርፊን የምንለው ይህ ነው። በ1898 ደግሞ ባየር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ከሞርፊን የተሠራ አዲስ መድኃኒት ለሳል ብሎ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙን ሄሮይን አለው። የሄሮይን መጨረሻ ምን እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ያውቃል።

ሞርፊን፥ ፔቲዲን፥ ኮዴይን፥ ኦክሲኮዶን፥ ፌንታኒል፥ ትራማዶል፥ ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው፤ ሐኪሞች ኦፒዮይድ ይሏቸዋል። ቁስሉን አይፈውሱም፥ እብጠቱንም አያጐድሉም፤ መልእክቱን ያደበዝዛሉ እንጂ። ለከባድ ሕመም ሥራቸው ድንቅ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ የብዙ ሰው ሌሊት ሲኦል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከሕመሙ ጋር ሌላውንም ያደነዝዛሉ። ሆድ ይደርቃል፤ ያቅለሸልሻል፤ ራስ ይዞራል፤ መጠናቸው ሲበዛም እስትንፋስ እየደከመ ሄዶ ሊቆም ይችላል። ሰውነትም ይለምዳቸዋል፤ ትናንት የበቃው መጠን ከሳምንታት በኋላ አይበቃም፤ ሲቀርም ሰውየው ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ እንቅልፍ ያጣል። ከዚህ አልፎ መድኃኒቱን ለሕመሙ ሳይሆን ለመድኃኒቱ ሲል መፈለግ ሲጀምር ሱስ ይባላል።

ይህን ሁሉ ሐኪሞች ከጥንት ጀምረው ያውቁ ነበር። ታዲያ በአሜሪካ ምን ሆነ? የዚህ ታሪክ አንድ ክፍል ለተማሪ ትልቅ ትምህርት አለበት። በ1980 ሁለት ሰዎች «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» ለተባለው የሐኪሞች መጽሔት 5 ዐረፍተ ነገር ያላት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እነዚህን መድኃኒቶች ከተቀበሉ 11,882 ሰዎች መካከል ሱስ የያዛቸው 4 ብቻ ሆነው አገኘን አሉ። ልብ በሉ፤ የተናገሩት ሆስፒታል ተኝተው በነርስ እጅ ስለሚወስዱ ሰዎች ነው እንጂ ክኒኑን በብልቃጥ ይዘው ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ ሰዎች አይደለም። በ2017 ተመራማሪዎች ቈጥረው እንዳገኙት ይህች ደብዳቤ በ608 ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሳለች፤ ከጠቀሷትም ብዙዎቹ «ሱስ ብርቅ ነው» ለማለት እንደ ማስረጃ አቀረቧት፤ አብዛኛዎቹም ሰዎቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን ሳይናገሩ አለፉ። ሳያነቡ መጥቀስ በትምህርት ቤት ውጤት ያስቀንሳል፤ በሆስፒታል ግን ሰው ያስከፍላል።

በ1996 ፑርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ብርቱ ክኒን ለገበያ አወጣ፤ ሻጮቹም ከሐኪም ወደ ሐኪም እየዞሩ ሱሱ የማያሰጋ አድርገው አወሩለት። በ2007 የኩባንያው ቤተ ሰብ የሆነ ድርጅትና ሦስት ሹማምንት ስለ ክኒኑ የሚያሳስት ነገር መነገሩን በፍርድ ቤት አመኑ፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይም ከፈሉ። ነገሩ ግን ሥር ሰድዶ ነበር። በ2012 በአሜሪካ 255 ሚሊዮን የኦፒዮይድ ማዘዣ ተጽፏል፤ ይህም ለ100 ሰው 81 ማዘዣ ማለት ነው። በ2021 በነዚህ መድኃኒቶች መርዝነት የሞተው ሰው ከ80,000 በለጠ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት አብዛኛዎቹን የገደለው በስውር የተሠራ ፌንታኒል ነው እንጂ ሐኪም ያዘዘው ክኒን አይደለም፤ ነገር ግን ለብዙዎች መንገዱን የጠረገው የታዘዘው ክኒን ነበር።

ከኦፕራሲዮን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እነሆ፥ በ2017 የታተመ ጥናት ከ36,000 የሚበልጡ ከዚያ በፊት ኦፒዮይድ የማይወስዱ ሰዎችን ከኦፕራሲዮናቸው በኋላ ተከታተለ። ከመቶው 6 ያህሉ ሦስት ወር ካለፈም በኋላ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት ይወስዱ ነበር፤ ኦፕራሲዮን ካልተደረጉት መካከል ግን እንዲህ ያለው ከ1,000 ሰው 4 ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ትንሽ ኦፕራሲዮን የተደረጉትና ትልቅ የተደረጉት ቍጥራቸው ተቀራራቢ መሆኑ ነው። እንግዲህ ክኒኑን ያስቀጠለው የቁስሉ ትልቅነት ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ ኦፒዮይድ ከተሰጣቸው ከመቶው ከ67 እስከ 92 የሚሆኑት ክኒን እንደ ተረፋቸው ገለጸ። የተረፈው ክኒን በቤት መሳቢያ ይቀመጣል፤ መሳቢያውን ደግሞ ልጅም እንግዳም ይከፍተዋል።

ታዲያ ሰውየው ይጩህ? አይደለም። በ2009 የታተመ ጽሑፍ የዳሌና የቍርጭምጭሚት ስብራት ያለባቸውን አሜሪካውያንና የኔዘርላንድ ሰዎች አነጻጽሮ ነበር። አሜሪካኖቹ አብዛኛዎቹ ብርቱውን ክኒን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፥ የኔዘርላንዶቹ ግን ይዘው የሄዱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። የስብራቱ ዓይነት አንድ ነው፤ አጥንትም እዚህና እዚያ አንድ ነው፤ የተለያየው የሐኪሞቹ ልማድና ሕመምተኛው የሚጠብቀው ነገር ነው።

ሌላው መንገድ የተገኘው በዴንማርክ ነው ማለት ይቻላል። ሄንሪክ ኬሌት የተባለው የዴንማርክ ቀዶ ሐኪም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሕመምን በአንድ ብርቱ መድኃኒት ከመደቈስ ይልቅ በየኬላው በብዙ ትንንሽ መንገዶች መያዝን አስተማረ። እኛ ይህን ትምህርት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በሚለው ተረታችን እናውቀዋለን። ሸክሙን ሁሉ ለሞርፊን ስናሸክመው መጠኑ ይበዛል፥ ጕዳቱም አብሮ ይበዛል፤ ለብዙዎች ስናካፍለው ግን እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይሸከማል። በ2019 በዴንማርክ 6 ሆስፒታሎች ውስጥ የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው ሰዎች በቡድን ተከፍለው ተፈትነዋል። ፓራሲታሞል ብቻ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ያስፈለጋቸው ሞርፊን በመካከለኛ ግምት 36 ሚሊግራም ነበር፤ አይቡፕሮፌን ብቻ የተሰጣቸው 26፤ ሁለቱንም በአንድነት የወሰዱት ግን 20 ብቻ። እነዚህ ሁለቱ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኙ ርካሽ ክኒኖች ናቸው።

እስቲ መንገዶቹን በየተራ እንያቸው። ፊተኛው ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚደረግ ንግግር ነው። ሐኪሙ ሕመሙ የት የት እንደሚበረታ፥ ስንት ቀን እንደሚቈይ፥ ምን ምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ሲነግር ሕመምተኛው አይደናገጥም። ግቡም በዚያን ጊዜ ይወሰናል። ግቡ ሕመሙን ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም፤ ሰውየው መተኛት፥ በደንብ መተንፈስ፥ ከአልጋው ተነሥቶ በክራንች መራመድ እንዲችል ማድረግ ነው። ሕመምን ፈጽሞ አጠፋለሁ ያለ ሰው መጠኑን ሲጨምር ይኖራል።

ሁለተኛው የነርቭ ማደንዘዣ ነው። ወደ እግሩ ወይም ወደ ክንዱ በሚሄደው ነርቭ አጠገብ መድኃኒት ይወጋና መልእክቱ ገና ከመንገዱ መነሻ ይቆማል። ይህ ለብዙ ሰዓት ያገለግላል፤ ነገር ግን ሲለቅ ድንገት ነው፥ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ስለዚህ ክኒኑን መጀመር ማደንዘዣው ሳይለቅ ነው፤ እግሩ እንደ ደነዘዘም ብቻውን ለመቆም መሞከር አይገባም።

ሦስተኛው በሰዓት የሚወሰደው ክኒን ነው። ብዙ ሰው ክኒኑን የሚያነሣው ሕመሙ ከነደደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማብረዱ ይከብዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ ይሠራል። ፓራሲታሞል ለጤነኛ ጐልማሳ አብዛኛውን ጊዜ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ጧት 12 ሰዓት፥ ቀትር 6 ሰዓት፥ ማታ 12 ሰዓት፥ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው። በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ፥ መጠጥ የሚያበዛ ወይም ሰውነቱ የቀጠነ ሰው ግን ከዚህ ያነሰ ይታዘዝለታል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ እብጠቱን ስለሚያበርዱ ይጠቅማሉ፤ ኩላሊቱን ለሚያመው፥ የጨጓራ ቁስል ላለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ግን አደገኛ ናቸው። ለአጥንት መጋጠም ያዘገያሉ ብለው የሚጠነቀቁ ሐኪሞችም ስላሉ፥ ያለ ቀዶ ሐኪሙ ፈቃድ አይጀመሩም።

አራተኛው ያለ መድኃኒት የሚደረገው ነው። የታመመውን እግር ከልብ ከፍ አድርጎ በትራስ ላይ ማሳረፍ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማኖር (በቀጥታ በቆዳ ላይ ሳይሆን፥ ቆዳው ከደነዘዘም በጥንቃቄ)፤ ሐኪሙ እንደ ፈቀደ ቶሎ መንቀሳቀስ፤ በቀስታ መተንፈስ፤ የሚወዱትን ሰው ማጫወት። ይህ የሴት አያት ምክር ይመስላል፤ ግን ሜልዛክና ዎል የተናገሩለትን በር ገርበብ የሚያደርገው ይህ ነው።

ኦፒዮይድ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የቀረውን ለመሸፈን፥ በትንሹ መጠን፥ ለጥቂት ቀን። ሲታዘዝም የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይታዘዝ። ሲቀነስም መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው፤ ከዚያ አይቡፕሮፌን፥ በመጨረሻም ፓራሲታሞል። ከሳምንታት በላይ የወሰደው ሰው ግን በድንገት አይተው፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንስ። ከመጠጥና ከእንቅልፍ ክኒን ጋር መውሰድ እስትንፋስን ሊያቆም ይችላል። ወስዶ መኪና መንዳት አይገባም። የተረፈውን ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤት መመለስ ነው እንጂ፥ እንደ ቡና ቍርስ ለጎረቤት ማካፈል አይደለም።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሞርፊን ክፉ ነው፥ ይቅርብን» ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ። «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ሥር የተቋቋመ የሊቃውንት ጉባኤ በ2017 እንደ ገለጸው፥ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን ኦፒዮይድ ውስጥ ለድኾች ሀገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። አንዱ ጎርፍ ወሰደው፥ ሌላው በጥም ደረቀ። በጥም ለደረቀው ሰው ስለ ጎርፍ አደጋ ብቻ መስበክ ግፍ ነው። የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ለሚያድር ሕመምተኛ «መድኃኒት ቀንስ» ማለት ትርጕም የለውም። መቀነስ ማለት መንፈግ አይደለም፤ መቀነስ ማለት ሸክሙን በሌሎች መንገዶች አቅልሎ ብርቱውን በቦታው ማዋል ነው። ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው፤ ርካሾቹን መንገዶች ሁሉ ሳናጓድል መሥራት፥ ሞርፊኑም ለሚገባው ሰው በሚገባው ሰዓት እንዲገኝ መጠየቅ።

ጎርፉም ቢሆን ፈጽሞ አይደርሰንም ማለት አይደለም። ትራማዶልን ብዙ ሰው ጠንከር ያለ ፓራሲታሞል ይመስለዋል፤ የኦፒዮይድ ቤተ ሰብ ነው፤ ያስለምዳል፥ ሲበዛም ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥና ሊጥል ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «ለጉልበትሽ ይሁንሽ» ብሎ የሚሰጠው ብልቃጥም መጠንቀቅ ያሻዋል። በላዩ ኦክሲኮዶን ወይም ሃይድሮኮዶን የሚል ቢኖርበት የሌላ ሰው ማዘዣ ነው፤ ያለ ሐኪም አይወሰድም። አሴታሚኖፌን የሚል ቢኖርበት ደግሞ በአሜሪካ ፓራሲታሞል የሚጠራበት ስም ነውና፥ ከራሳችን ፓራሲታሞል ጋር ቢደረብ ጉበትን ይጐዳል።

ከሁሉ የሚብሰውን ለመጨረሻ አቈይቼዋለሁ። ሕመም ጠላት ብቻ አይደለም፤ ዘበኛም ነው። አንድ ተማሪ ኳስ ሲጫወት ቅልጥሙ ተሰብሮ እግሩ በጀሶ ታሰረ። ማታ ሕመሙ በረታበት፤ ጠያቂዎቹ «ቻለው» አሉት፤ እርሱም ጨዋ ልጅ ነውና ቻለው። ሌሊት ግን ክኒን ተሰጥቶትም ሕመሙ እየጨመረ ሄደ፤ አብሮት ያደረው የክፍል ጓደኛው የእግሩን ጣት ቀና ሊያደርግለት ቢነካው ጮኸ፤ ጣቶቹም ደንዝዘው ነበር። ጓደኛው ሮጦ ነርሷን ጠራ፤ ሐኪሙ መጥቶ ጀሶውን ሰነጠቀው፤ እግሩም ተረፈ። በጠበበ ማሰሪያ ውስጥ ያበጠ ሥጋ ደም ሲያጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በወገሻ ቀርከሃ እጅግ ጠብቆ የታሰረ እጅና እግር በስብሶ የተቈረጠበት ታሪክም በሀገራችን ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከሚጠበቀው በላይ የሆነ፥ በመድኃኒት የማይመለስ፥ ጣት ሲነካ የሚብስ ሕመም የሚቻል ሕመም አይደለም፤ በብርቱ መድኃኒት የሚሸፈንም አይደለም፤ ሐኪም በሩጫ የሚጠራበት ነው።

ለዚህም ቋንቋችን ረዳታችን ነው። «ያመኛል» ብሎ ማቆም አይበቃም። ቁስል ሲያብጥ ይጠዘጥዛል፤ ነርቭ ሲነካ ያቃጥላል ወይም ይነዝራል፤ ማሰሪያ ሲጠብቅ ይወጥራል፤ ሲነቃነቅ ይወጋል። ሐኪም ለሚጠዘጥዘውና ለሚነዝረው አንድ ዓይነት መድኃኒት ላያዝ ይችላል። እናቶቻችን ያወረሱንን እነዚህን ቃላት አሟልቶ የሚናገር ሕመምተኛ ሐኪሙን ግማሽ መንገድ ሄዶ ተቀበለው ማለት ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ኦፕራሲዮን የተደረገ ወዳጅህን ልትጠይቅ ስትሄድ ብርቱካኑን ይዘህ ሂድ፤ «አይዞህ» ማለትንም አትተው። «ቻለው» በምትልበት ቦታ ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቀው። «ሕመሙ ከዐሥር ስንት ሆነብህ፥ ከትናንት ይሻላል ወይስ ይብሳል? የመጨረሻውን ክኒን በስንት ሰዓት ወሰድህ፥ የሚቀጥለውስ መቼ ነው? እስቲ ጣቶችህን አንቀሳቅስና አሳየኝ።» መልሱን በወረቀት ጽፈህ ከራስጌው አኑርለት፤ ሌሊት የሚያድረው አስታማሚ ያነበዋል።